ለስልክ የተወለወለው ዓይን

ወንድሜ መነጽር ሰሪ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መስታወት ሲወለውል ኖሮ አሁን እጁ ሥራ መፍታት አይችልም። የበር እጀታ ያገኛል፣ ይወለውላል። ማንኪያ ያገኛል፣ ይወለውላል። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ እሱ ጋ ነው የምኖረው። አንድ ቀን ቆሜ ባንቀላፋ እኔንም የሚወለውለኝ ይመስለኛል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል አያናድደኝም ነበር።

ልጁ ሥራ አግኝታ ሌላ ከተማ ስትሄድ ውሻዋን ለእሱ ትታ ሄደች። ሚጢ ይባላል፤ ነጭ ነው፣ ፊቱ ድፍጥጥ፣ ዓይኖቹ ፍጥጥ ያሉ። እንባው አያቋርጥም። ሲደርቅ ደግሞ ዓይናር ይሆንና ጸጉሩን ያጣብቀዋል። ልጅት ማታ ማታ በቪዲዮ ትደውላለች። ለማን? ለውሻው። «አባዬ፣ እስኪ ሚጢን አሳየኝ» ትላለች። ወንድሜ ስልኩን ወደ ውሻው ያዞራል፤ እሷ ከውሻው ጋር ስታወራ፣ ስትስቅ፣ እሱ እጁን ዘርግቶ ከጎን ሆኖ ድምጿን ይሰማል። የእሱ ፊት ይበራል፣ እኔ እበግናለሁ። «የስልክ ማቆሚያ ሆነህ ቀረህ» ብለው፣ «ተይ እትዬ፣ ውሻው ባይኖር ይሄንንም አትደውልም» አለኝ።

አንድ ምሽት ታዲያ ልጅት ሚጢን አየት አደረገችና «ዓይኑ እንዴት ነው የቆሸሸው? አታጸዱለትም እንዴ?» ብላ ተቆጣች። በቃ፣ የወንድሜ እጅ ሥራ አገኘ። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ነው። ከዚያ የመነጽር ማጽጃውን ፈሳሽና መወልወያ ጨርቁን ይዞ ይመጣል፤ ጨርቁ ላይ ፍሽ ያደርግበታል፤ ውሻውን ጉልበቱ መሃል ጥፍንግ አድርጎ ይይዝና ዓይናሩን ይፈቀፍቃል። አልነቀል ያለውን በጥፍሩ ይነቅላል። ውሻው ያለቅሳል።

«ምን እያደረግክ ነው አንተ?» አልኩት።

«ለስላሳ ጨርቅ ነው እኮ፣ አይጭርም።»

«የውሻ ዓይን ነው፣ መነጽር አይደለም!»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ማታ ስልኩ ሲጮኽ የሚጢ ፊት ጥርት ብሎ ይቀርባል። «ጎበዝ አባዬ፣ አሁን አማረበት» ትላለች ልጅት። ምስጋናው ነው ሰውየውን ያበላሸው። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው? ሳይደወል በፊት ሁልጊዜ ይፈትገው ጀመር።

አንድ ቀን ጠዋት ሚጢ ግራ ዓይኑን መግለጥ አቃተው። በእግሩ ያሻሸዋል፣ ቢጫ ነገር ይወርደዋል፣ ዙሪያው ደም መስሏል። በሻርፔ ጠቅልዬ አቅፌው ወደ እንስሳት ሐኪም ቤት ስሄድ ወንድሜ ከኋላዬ ይከተለኛል። መንገዱን ሙሉ የአፌን አወረድኩበት።

ሐኪሟ መብራት አብርታ አየችና «በምንድን ነው የምታጸዱለት?» አለች። ወንድሜ ከኪሱ የመነጽር ማጽጃውን አውጥቶ ሰጣት። ኪሱ ውስጥ ይዞት መጥቷል! እሷ ግን አልጮኸችበትም፤ እኔ ብሆን እዚያው በጠርሙሱ እለው ነበር። ፈሳሹ ዓይኑን እንዳቃጠለው፣ ፍተጋው ደግሞ ብሌኑን እንደጫረው ነገረችን። ከዚያ አሳየችን። ውሃ ይፈላና ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል። ጥጥ በእሱ ይነከራል፣ ይጨመቃል፣ የደረቀው ዓይናር ላይ ይቀመጣል። እስኪርስ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ሲለሰልስ ከዓይኑ ማዕዘን ወደ ውጭ በቀስታ መጥረግ፣ ብሌኑን አለመንካት፣ ለሌላው ዓይን ሌላ ጥጥ መያዝ። ሳሙና የለ፣ ለሰው የታዘዘ ጠብታ የለ። «እንደዚህ ከቀላ፣ ከጨፈነ ወይም መግል ከያዘ ደግሞ ቤት አትታገሉት፣ ቶሎ አምጡት» አለች። ጠብታም ሰጠችን።

ወንድሜን ያቃተው መጠበቁ ነው። ጥጡን ያስቀምጥና አውራ ጣቱ ሳያስበው ማሸት ይጀምራል። «ያዝ አልኩህ እንጂ እሸው አልኩህ?» እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። ኋላማ ሚጢ እሱን ሲያይ አልጋ ስር መግባት ጀመረ፤ ማጽዳቱ በእኔ ላይ ወደቀ።

ዓይኑ ዳነ፤ ግን ብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ ቀረበት፣ በዚያ በኩል ደህና አድርጎ አያይም። ወንድሜ ይደብቃል ብዬ ነበር፤ አልደበቀም። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አላት በስልክ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ከዚያ መኪና ይዛ መጣች፣ ውሻዋን አቀፈች፣ በር ላይ ቆማ «ከእንግዲህ እንዴት ብዬ ልመንህ?» አለችውና ሄደች። እሱ ጥጡንና ጠብታውን በፌስታል አድርጎ እስከ መኪናው ተከተላት።

ሚጢ ከሄደ በኋላ ስልኩም ዝም አለ። ወንድሜ ማታ ማታ በለመደው ሰዓት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። «ራትህን ብላ» ስለው «ቆይ» ይለኛል። አንድ ምሽት ስልኩን ከፊቱ መንጭቄ ራሴ ደወልኩላት። «ሄሎ» ስል ድምፄን አወቀችው።

«አክስቴ? ምን ሆናችሁ?»

«ምን እንሆናለን፣ አለን። ስሚ ልጅት፣ ስለ ውሻሽ መቆጣት መብትሽ ነው፣ እኔም ተቆጥቻለሁ። ግን ይሄ ሰው የሚጢን ዓይን እንደዚያ ሲፈትግ የኖረው ለምን ይመስልሻል? ውሻው ካላማረ አትደውልም ብሎ ፈርቶ ነው። አባቴን አሳዩኝ ብለሽ ደውለሽ ታውቂያለሽ?»

በተሰበረ ድምፅ «እሱስ?» አለችኝ። «እሱስ አንቺ እንዴት ነሽ ብሎኝ ያውቃል? ገና አቤት ሳልል ስልኩን ወደ ውሻው ያዞረዋል። እዚህ የማውቀው ሰው የለም፣ አክስቴ። ከሚጢ ጋር የማወራው የሚያወራኝ ሳጣ ነው።»

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ንዴቴ ዞሮ ወንድሜ ላይ አረፈ። ስልኩን እጁ ላይ ወረወርኩለት።

«እንካ፣ ልጅህን አናግር።»

ጆሮው ላይ አደረገና ጉሮሮውን ጠረገ። «ዓይኑን እየጠረግሽለት ነው? ውሃው ለብ ያለ መሆን...»

«ውሻውን ተወው» አልኩት።

በሌላው እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ማሸት ጀምሮ ነበር፣ እሱንም ተወው። ልጁን እንዴት እንደሚጠይቅ የጠፋበት ሽማግሌ ፊቴ ተቀምጧል፤ በጥፊ ባልኩት፣ ባቀፍኩት።

«አንቺስ...» አለ በመጨረሻ። «አንቺ እንዴት ነሽ፣ ልጄ?»

ምን እንደመለሰችለት አልሰማሁም። ብዙ ነው ያወራችው። እሱ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ምንም ሳይነካ ያዳምጣል። ራቱ ቀዘቀዘ። ይቀዝቀዝ ብዬ ትቼው ወደ ክፍሌ ገባሁ።