የገመዱን ጫፍ የያዘው ሰው

ያሰሩኝ በእህል መጋዘን ውስጥ ነው። እህሉና ማዳበሪያው ወጥተው የማዳበሪያው ሽታ ቀርቷል፤ ዓይን ያቃጥላል። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው የቆርቆሮውን ጣሪያ ሚስማር በበሳው ቀዳዳ ነው። ወለሉ ላይ የጓሳ ሣር ተጎዝጉዟል። ፖሊሱ መቀነቴን ፈትቼ እንድሰጠው አዘዘኝ።

«እንዳይታነቁበት ነው፣ እማማ» አለ።

የበግ ጠጉር ባናዬን ግን ተወልኝ። በእኛ አገር ውርጭ ባና መንጠቅ ለእሱም ከበደው።

ጥፋቴ መረብ ነው። ከጓሳ ተራራ ግርጌ ባለች ቀበሌያችን ትንሽ የእግር ኳስ ክለብ ነበረን። የመሠረትነው እኔና ሟቹ ባለቤቴ ከጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን ነው። ሜዳችን የግጦሽ መስክ ነበር፤ በጎቹ ተነድተው ይወጡና ጨዋታ ይጀመራል። መረብ የምንገዛበት አልነበረንም። ስለዚህ ጓሳው ተከልሎ ቆይቶ ለአጨዳ በተከፈተ ቁጥር እኛ ሴቶቹ ድርሻችንን አጭደን ገመድ እንገምዳለን፤ ገመዱን መረብ እንሠራዋለን። ኳስ ሲገባበት ይንኮሻኮሻል፤ እንደ ናይሎኑ ዝም አይልም። ከጎረቤታችን ከትልቁ ከተማ የሚመጡት «እነ ሣር ጎል» እያሉ ይስቁብን ነበር። ስቀው መጥተው፣ ተሸንፈው፣ አቀርቅረው የሄዱበትንም ቀን አስታውሳለሁ።

የእነሱ ክለብ አጥር ያለው ሜዳ፣ መኪና፣ ከኋላው የሚቆም ሹም ነበረው። እኛ ጥሩ አጥቂ ባፈራን ቁጥር በዓመቱ በእነሱ ማልያ እናየዋለን። አልተቀየምንም ብል ውሸት ነው። ከሁሉም የከነከነኝ በረኛችን ነው። እናቱ ከእኔ ጋር ገመድ ስትገምድ ኖራለች፤ እሱም በእኛ መረብ ፊት ነው ያደገው። ሄዶ እዚያው ተጫወተ፤ መጫወት ሲያቆምም የትልቁ ክለብ ሊቀመንበር ሆነ። ሊቀመንበር ከሆነ በኋላ ልጆቻችን አልበቁትም፤ መስካችንን ለመለማመጃ ፈለገው። ክለቡ እስካለ ድረስ ግን የቀበሌያችን ሽማግሌዎች መስኩን አይሰጡም። ከመሥራቾቹ በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝና «እሷ ፈርሷል ካለች ፈርሷል» ብለው ነገሩን በእኔ ላይ ጣሉት። እኔም አላልኩም።

ያን ሰሞን ሦስት ሰው አብሮ ከቆመ ይጠየቃል። ጫካ የገቡ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱን የሚያሳድዱ ወታደሮችም ነበሩ። እኛ እንደ ልማዳችን ሣራችንን ይዘን ተሰበሰብን። አንድ ሰው ወደ ወታደሮቹ አዛዥ ሄዶ «ሴቶቹ ለጫካዎቹ የስንቅ መጫኛ እየገመዱ ነው» አለ። አገሩን የማያውቅ ወታደር ገመድ ሲያይ ምን ይወቅ? ሌሎቹን ሴቶች ሳይመሽ ለቀቋቸው። እኔን አስቀሩኝ።

መጋዘኑ ውስጥ ከቆላው ከተማ የመጣች፣ በእኔ ዕድሜ ገደማ ያለች ሙስሊም ነጋዴ ቀድማኝ ነበረች።

«በምን ገባሽ?» አለችኝ።

«በኳስ።»

ጠጋ ብላ ተቀመጠች። «እኔ እንኳ በባትሪ ድንጋይ ነው። ለሬዲዮ ነው ብል ማን ሰምቶኝ። አንቺስ፣ በረኛ ነሽ አጥቂ?»

እዚያ ቤት የሳቅኩት ያኔ ነው።

እጄ ሥራ መፍታት አያውቅም። ከጉዝጓዙ ረጃጅሙን እየመረጥኩ መግመድ ጀመርኩ። ገመድ ለብቻ አይከርርም፤ አንድ ሰው ጫፉን ይዞ መሳብ አለበት። ነጋዴዋ ያዘችልኝ። ፖሊሱ በሩን ሲከፍት ደነገጠ።

«እማማ፣ ምን ሊያደርጉበት ነው?»

«መረብ።»

«የምን መረብ?»

«የጎል ነዋ።»

«መቀነትዎን የወሰድኩት እኮ...»

«መታነቅ ብፈልግ ውጭ ሳለሁ ምክንያት ሞልቶኝ ነበር» አልኩት። ቆሞ አየና ገመዱን ሳይወስድ ወጣ።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ፣ ያ የድሮ በረኛችን፣ መጣ። ነጋዴዋን ለምርመራ ወስደዋት ስለነበር የገመዱ ጫፍ መሬት ላይ ወድቋል።

«እትዬ፣ እንዴት አደሩ? እርስዎን እዚህ ማየት አልነበረብኝም።»

«እግዜር ይመስገን። ማዳበሪያ ላይ ነው ያደርኩት፤ ሳልበቅል አልቀርም።»

አልሳቀም። «አዛዡን አውቀዋለሁ፤ ነገሩን ማብረድ እችላለሁ። ሽማግሌዎቹ ፊት ክለቡ ፈርሷል ይበሉ፤ ዛሬውኑ ቤትዎ ያድራሉ። ደግሞስ ማን ቀረ?»

«አዛዡን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

ጫማውን አየ። እኔም ሌላ አልጠየቅኩትም፤ የገመዱን ጫፍ አንስቼ ዘረጋሁለት። በእኛ አገር ታላቅ ሰው የገመድ ጫፍ ከዘረጋልህ ትይዛለህ፤ ለምን አይባልም። ያዘው። በሁለት እጁ፣ ተረከዙን ተክሎ፣ ልክ እናቱ እንዳስተማረችው። እኔ አከረርኩ። ገመዱ በመካከላችን ተወጠረ።

«ይሄ የያዝከው ለምን ይሆናል?» አልኩት።

«ለመረብ ነዋ።»

«መጫኛ አይሆንም?»

«ይሄማ ቀጭን ነው፤ ጭነት መች ይችላል...»

እዚያ ላይ አፉን ዘጋ። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ቀና ብሎ አየው።

ጫፉን ግን አልለቀቀም። ከለቀቀው የተከረረው ሁሉ ይፈታል፤ ይህንንም ከእናቱ ተምሯል። እስክጨርስ አስያዝኩት። ፊቱ ላይ ላብ ነበር፤ መጋዘኑ ግን ይቀዘቅዛል። ጫፉን ከእጁ ተቀብዬ ቋጠርኩት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። «አሁን ሂድ። ክለቡ አልፈረሰም።»

ከሰነበትኩ በኋላ ምንም ሳይሉኝ ለቀቁኝ። ነጋዴዋን ወዴት እንደወሰዷት እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ውስጥ ሳለሁ ሽማግሌዎቹ «እሷ ስለሌለች» ብለው «ፈርሷል» የሚለውን ቃል ራሳቸው ተናግረውታል። መስኩ ታጥሯል። በጎቻችን አሁን አጥሩን ዞረው ነው የሚያልፉት። እሱ ዛሬም ሊቀመንበር ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንገናኝ ጎንበስ ብሎ «እትዬ» ይለኛል። ሰዎች ይቅር በይው ይሉኛል። ይቅርታ ሲጠይቅ አልሰማሁም።

ሴቶቹ ስለፈሩ ከዚያ ወዲህ መረብ ሠርተን አናውቅም። ያቺ ገመድ በቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች፤ ለአንድ ጎል እንኳ አትበቃም። ከክለባችን የቀረው እሷ ናት። እንግዳ ሲመጣ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀኛል። መረብ ነው፣ ገና አላለቀም እላለሁ። ጫፉን ማን እንደያዘልኝም እነግረዋለሁ።