ሰባተኛው ክፍል

ባለፈው ሳምንት ከደጀን ወደ ማርቆስ ስመጣ ሚኒባሱ ውስጥ የአንዱ ተሳፋሪ ስልክ በሴት ጩኸት ጠራ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የእኔ ፊት ግን ነደደ። ልጅ ሳለሁ የእኔም ጩኸት እንዲሁ የስልክ ጥሪ ሆኖ ነበር፤ ያደረገው ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ነው።

ያን ጊዜ ክፍሉ የማያልቅ የጭንብል ለባሽ ገዳይ ፊልም ነበር። ገዳዩ በየክፍሉ መጨረሻ ይሞታል፣ በሚቀጥለው ተነሥቶ ይመጣል፤ ፊቱን ግን ማንም አይቶት አያውቅም። ወንድሜ ጧት በድቁናው ሲያገለግል አርፍዶ፣ ከሰዓት ከሞባይል ቤት ፊልሙን በፍላሽ አስጭኖ ይመጣል። መጋረጃውን ዘግተን፣ ከጫማችን የክረምት ጭቃ እየሸተተን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናያለን። ስድስተኛው ክፍል ላይ ገዳዩ ከቁም ሳጥን ብቅ ሲል "ገብርኤል ድረስልኝ!" ብዬ ጮህኩ። ለካ ወንድሜ በስልኩ እየቀዳኝ ኖሯል።

በሳምንቱ ጩኸቴ ከስልክ ስልክ ተላልፎ ትምህርት ቤቱን አዳረሰው። መምህሩ ወደ ሰሌዳ በጠሩኝ ቁጥር ከኋላ አንዱ ስልክ "ገብርኤል ድረስልኝ!" ይላል። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ፤ እጅ ማውጣት ተውኩ። ወንድሜ "ቀልድ እኮ ነው፤ ምን ያስለቅስሻል?" ይለኛል። ቂሜን ይዤ ጠበቅሁት።

ሰባተኛው ክፍል ሲመጣ ቀድሜ አስጫንኩት። የገዳዩ ፊት የሚታየው በዚህኛው ነው እየተባለ ይወራል፤ ወንድሜማ እንቅልፍ አጥቷል። ፍላሹን ሲያይ እጁን ዘረጋ። ዐይን ዐይኑን እያየሁ "በማርያም ገዝቼሃለሁ! ይህን ፊልም እንዳታይ፤ ከእኔ በቀር ማንንም እንዳትጠይቅ!" አልኩት።

መጀመሪያ ሳቀ። ኋላ አለመቀለዴ ገባው። ዲያቆን ነው፤ በእመቤታችን ስም የተገዘተውን አይሽርም። የንስሐ አባታችን ግዝቱን ሊያነሡለት ይችሉ ነበር፤ ግን ስለ ገዳይ ፊልም ብሎ እሳቸው ፊት መቅረብ አፈረ። ብቻዬን፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ አየሁት። እሱ በር ላይ ቆሞ "ጭንብሉን አወለቀ? ንገሪኝ እንጂ!" ይለኛል። ምን ልበልህ፣ ደስ አለኝ። ዛሬም አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ለዓመታት ለመነኝ። ለትምህርት ርቆ ሄዶ እንኳ ሲደውል የእናታችንን ጤና ጠይቆ ሲያበቃ "እንዲያው ፊቱን ብቻ ንገሪኝ" ይላል። "አልነግርህም፤ ገና ምኑን አይተህ" እለዋለሁ። ከዚያ አገባ፣ ቀሰሰ፣ ኑሮውም ይጁቤ ከተማ ሆነ። መጠየቁን መቼ እንዳቆመ አላስተዋልኩም።

ከሚኒባሱ እንደወረድኩ ደወልኩለት። ከኋላው የልጆቹ ጫጫታ ይሰማል።

"ፈትቼሃለሁ" አልኩት። "ሰባተኛውን ማየት ትችላለህ። ከፈለግህም ፊቱን አሁኑኑ እነግርሃለሁ።"

ያን ፊት ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእሱ ነበር ያቆየሁት።

"የምኑን ሰባተኛ፣ እኅቴ?" አለኝ።