የጨንቻ ዳገት ስሌት

ንጋት 12፡00፣ ሲቀላ መናኸሪያ

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። የጨንቻው ሚኒባስ ግን ካልሞላ ንቅንቅ አይልም። ባጃጁ ይርመሰመሳል፣ ፓስቲ ይጠበሳል፤ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ለሠላሳ ዓመት አብሮኝ ሂሳብ ያስተማረው ወዳጄ ጴጥሮስ ትናንት አርፏል። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ አገሩ ጨንቻ ይቀበራል። ታሞ ሳለ ልጠይቀው ዛሬ ነገ ስል ቀደመኝ። አፈር ሳላለብሰው ከቀረሁ ራሴን ይቅር አልልም።

2፡00

በስንት መከራ ሞላ። ሾፌሩን፣ "በስንት ትነዳለህ?" አልኩት።

"ሜዳውን ስልሳ፣ ዳገቱን ሃያ ብንሄድ ነው፣ ቴቸር።"

መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ሜዳ፣ ግማሹ ዳገት። ስልሳና ሃያን ደምሬ ለሁለት ሳካፍል አርባ መጣ። ርቀት ለፍጥነት ሲካፈል ጊዜ ነው፤ አንድ ሰዓት። ወዲያው ለጴጥሮስ ልጅ ለሜሮን ደወልኩ። እሷም እንደ አባቷ የሂሳብ መምህር ናት። ስሌቱን አንድ በአንድ ነግሬያት፣ "ልክ ሦስት ሰዓት እደርሳለሁ" አልኳት።

ስልሳውንና ሃያውን ለራሷ ደገመችና፣ "እሺ ጋሼ፣ በሰላም ይምጡ" አለች።

2፡20፣ ዳገቱ ሥር

የጫኖን ሙዝና ማንጎ አልፈን መውጣት ጀመርን። ዓባያ ሐይቅ ከኋላችን ዝቅ እያለ ሄደ። ሙዙ ቀርቶ እንሰትና ቀርከሃ መጣ፤ ሙቀቱ በጉም ተተካ። አጠገቤ ያሉት እናት ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ሚኒባሱ በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል።

ያኔ ነው ክው ያልኩት። ሃያ ኪሎ ሜትር ሜዳ በስልሳ ሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ ኪሎ ሜትር ዳገት በሃያ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ! ድምሩ ሰማንያ ደቂቃ። ዳገቱ ላይ የምንቆየው የሜዳውን ሦስት እጥፍ ስለሆነ፣ ሁለቱን ፍጥነት ደምሮ ለሁለት ማካፈል አይሠራም። በየዓመቱ ፈተና ላይ የማወጣት ወጥመድ ነበረች። ስንቱን ተማሪ ጥዬባታለሁ!

ስልኩ ኔትወርክ የለውም።

"ልጄ፣ ትንሽ ብትጨምር?"

"ቴቸር፣ ጭቃ ነው እኮ። ገደሉን አያዩም?"

3፡00

ይኸኔ ጸሎቱ አልቆ ሳጥኑ ወርዶ ይሆናል። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

3፡20፣ ጨንቻ

ወርጄ ሮጥኩ። ሕዝቡ ካፊያው ውስጥ ቆሟል። ሳጥኑ ገና ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ዓይኗ በለቅሶ ያበጠ ሜሮን መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

"ልጄ፣ ተሳስቼ..."

"አውቃለሁ ጋሼ። ለሽማግሌዎቹ ሦስት ከሃያ ላይ ይደርሳሉ፣ ጠብቋቸው ብያቸዋለሁ።"

"ታዲያ ስደውል ምነው አላረምሽኝ?"

"እርስዎን? እንዴት አድርጌ?" አንገቷን ደፋች። "ሂሳቡን ግን አባዬ አስተምሮኛል።"

ፓስተሩ ወደ እኔ አይተው መዝሙሩን አስጀመሩ። ሳጥኑ ሲወርድ እርጥቡን አፈር በሁለት እጄ አፈስኩና ወዳጄን አለበስኩት።