የጾመኛው ሰውዬ በቅሎ

ልጅ ሳለሁ ጎመን የሚበቅለው በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የምንኖረው ጂቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር፣ የአንድ የሐረር ነጋዴ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነበር። መሬቱ ጨውና ጠጠር ነው፤ ፀሐዩም ያገኘውን ሁሉ ያደርቃል። ጎረቤታችን አባባ ደምሴ ግን ሰው የጣለውን ቆርቆሮ እየለቀሙ፣ ሥሩን በምስማር እየበሱ ጣራው ላይ ደርድረው ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያና ቲማቲም አብቅለውበት ነበር። አፈሩን በማዳበሪያ ከረጢት የሚያስመጡት አትክልት ጭነው ከድሬዳዋ በሚመጡ ሾፌሮች ነው። «ሰው ከአገሩ በርበሬ ያስልካል፣ እርስዎ አፈር ያስልካሉ» እያለ ሰፈርተኛው ሲስቅባቸው አብረው ይስቁና፣ ምስር የታጠበበትን ውሃ በጣሳ ይዘው ደረጃውን ይወጡ ነበር።

አባባ ደምሴ የሥጋ ዘመዳችን አልነበሩም። ዕድሜያቸውን ሁሉ ለምድር ባቡር ሠራተኞች ምግብ ሲያበስሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸውን የቀበሩ፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅምና ግልፍተኛ ነበሩ፤ ጨው የበዛበት ወጥ ከቀመሱ እንደ ተሰደበ ሰው ፊታቸው ይለዋወጣል። እናቴ ስንዱ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የፈረንጆች ቤት ውስጥ እዚያው እያደረች ስለምትሠራ፣ ከሐሙስ አመሻሽ እስከ ዓርብ አመሻሽ ካልሆነ ቤት አትመጣም። በቀሩት ቀናት የሚያበሉኝም፣ የሚቆጡኝም፣ ተረት የሚነግሩኝም እሳቸው ነበሩ።

ያኔ፣ ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅና የመግሪብ አዛን ከየመስጊዱ ሲሰማ፣ አባባ ደምሴ የከሰል ምድጃቸውን ይዘው ጣራው ላይ ይወጡ ነበር። ክፍሎቹ ቀን የጠጡትን ሙቀት ገና ስላልለቀቁ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። መብራት የሄደ ቀን ፋኖሱን ምስማር ላይ ይሰቅሉታል። የከሰሉ ጢስና የሚቁላላው ሽንኩርት ሽታ ከወደቡ ከሚመጣው ጨዋማ ንፋስ ጋር ይደባለቃል፤ እኔ ሰሌኑ ላይ በሆዴ ተኝቼ ፍሙ ሲቀላና ሲጠቁር እያየሁ አዳምጣለሁ። ድስቱ እስኪበስል ተረቱ ይቀጥላል፤ ድስቱ ሲወጣ ተረቱም እዚያው ላይ ያበቃል። ስለዚህ ምስር ከተጣደበት ቀን ይልቅ ሽምብራ የተጣደበትን ቀን እወድ ነበር።

የሌላ ሰው ተረት ውስጥ ንጉሡ ይዋጋል፣ ልጅቷ ታገባለች። የአባባ ደምሴ ንጉሥ ግን ቁርሱን ምን እንደበላ ሳይነገር ዙፋኑ ላይ አይቀመጥም። አንበሳ ካለ አንበሳው ምን እንደበላ፣ ቅዱስ ካለም ቅዱሱ ምን እንደበላ ይነገራል፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ቅዱሱ የሚበላው የረጠበ ሽምብራና የጫካ ቅጠል ነበር። «እግዚአብሔር ሰውን ሲፈጥር ያስቀመጠው አትክልት ቦታ ውስጥ ነው፤ ልኳንዳ ቤት አይደለም» ይሉኝ ነበር ድስቱን እያማሰሉ። «ጾም ማለት ያንን የመጀመሪያውን በር ሄዶ ማንኳኳት ነው።» እኔ የሚታየኝ በሩ ሳይሆን የአትክልቱ ቦታ ነበር፤ በረድፍ በረድፍ የተደረደረ ቆርቆሮ፣ መጨረሻው የማይታይ።

እናቴን ሥጋ ስትበላ ያየሁበት ቀን ጥቂት ነው። የዕረፍት ቀኗ ዓርብ ነው፤ ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለአሠሪዋ ለማዳም ቤተሰብ ሥጋውን እያበሰለች ጨዉን ሳትቀምስ በማሽተት ብቻ ትለካለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል በአፏ አይዞርም። በዚህ እጅግ እኮራ ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለውን ግን ማናችንም ልብ አላልነውም። ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ሻዩ ውስጥ አምስት ማንኪያ ስኳር፣ ወይም ዘይት የጠገበ ማካሮኒ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ የግቢው ባለቤት እትዬ ፋጡማ ለእኛ ብለው በአዲስ ዘይት፣ ሥጋ ባልነካው መጥበሻ የጠበሱት የምስር ሳምቡሳ አለ። እትዬ ፋጡማ ሙስሊም ሆነው ሳለ የእኛን የጾም ቀን ከእኛ ይልቅ የሚያስታውሱ ሴት ነበሩ። ለእኔ የሚሰጡኝን ሙሸበክ፣ ያንን በዘይት ተጠብሶ ስኳር ውስጥ የሚነከረውን ጣፋጭ፣ ሳልበላ አስቀምጬ እናቴ ስትመጣ በእጄ አጎርሳት ነበር። ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት። እኛ ዘንድ ጾም የተባለ ምግብ ሁሉ በዚያው ጤናማ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ እናቴን ውሃ ጥም ያዛት። ጣሳ ሙሉ ጠጥታ እንደገና ትቀዳለች። ዓይኔ ጭጋግ ሆነብኝ አለች። ማዳም ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት፤ የስኳር በሽታ መሆኑን ነግሯት፣ ጠዋት ከምግብ ጋር የሚዋጥ ኪኒን ሰጥቶ ምግቧን እንድታስተካክል አዘዛት። የእናቴ ፈረንሳይኛ የወጥ ቤት ፈረንሳይኛ ስለነበር የገባትን ያህል ይዛ መጣች።

«ሥጋና ቅባት ቀንሺ አለኝ እኮ!» አለች እየሳቀች። «ጾመኛ መሆኔን አላወቀም። ለስኳሩ እንደሆነ ኪኒን ሰጥቶኛል።»

ኪኒኑንም ከምግብ ጋር ስለተባለ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆየችው። ጾሙን እንድታቀልል ማንም ሊያግባባት አልቻለም፤ ምክንያቱም ስለት ነበረባት። ያለፈውን ዓመት ሙሉ በመኖሪያ ወረቀት ምክንያት ትምህርት ቤት አልቀበል ብለውኝ ነበርና፣ ልጄ ከገባችልኝ የዘንድሮውን ዐቢይ ጾም አንዲት ቀን ሳላጎድል እጾማለሁ ብላ ተስላ ነበር። እኔ ደግሞ ገብቻለሁ። ደብተሬን ባየሁት ቁጥር ልቤ በኩራትም በፍርሃትም ይመታ ነበር።

በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ እናቴ ደክሟት መጥታ ጣራው ላይ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ሽምብራ ተጥዷል። አባባ ደምሴ ፍሙን በማራገቢያ እያራገቡ ጀመሩ፤ የሚያወሩት ለእኔ፣ ዓይናቸው ግን እሷ ላይ ነበር።

አንድ ባለጸጋ ነበር አሉ። ጾም ሲገባ ተራራው ላይ ወዳለው ገዳም ልውጣ ብሎ ተነሣ። ሥጋውንና ቅቤውን ቤቱ ትቶ፣ የጾም ስንቁን በአንዲት በቅሎ ላይ ጫነ፤ ዘይት በገንቦ፣ ስኳር በአቁማዳ፣ የተጠበሰ ዳቦ በጆንያ። ራሱም ላይዋ ወጣ። በየመንደሩ ያገኘውን «ጾም ነው አይደል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ነው ሲሉት ይበላል፣ የተረፈውን ይጭናል። እሱ ምስጋና ያደርሳል፣ በቅሎዋ ትከሳለች። እሱ ይዘምራል፣ የእሷ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ገዳሙ በር ላይ ሲደርሱ በቅሎዋ ዘፍ ብላ ወደቀች። አትክልት የሚኮተኩቱ አንድ መነኩሴ እፍኝ ሽምብራ እንደያዙ ብቅ አሉ። ባለጸጋው «አባቴ፣ ይባርኩኝ፤ ይህን ሁሉ መንገድ ሥጋ ሳልቀምስ መጣሁ» ቢላቸው፣ በቅሎዋ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «አባቴ፣ የጾመው እሱ ነው፤ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። የእኔስ ጾም መቼ ነው የሚፈታው?» አለቻቸው።

እኔ በሳቅ ተንከባለልኩ፤ እናቴም ሳቀች።

«እና በቅሎዋ ሞተች?» አልኳቸው።

አባባ ደምሴ ክዳኑን ከፍተው አንዲት ሽምብራ በጣታቸው አፈረጡ። «ድስቱ ወጥቷል» አሉ።

ከራት በኋላ የእናቴን እግር ላጥብ ጎድጓዳ ሳህን አመጣሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ ይህ የእኔ ሥራ ነበር። የቀኝ ጫማዋን ሳወልቅ አንድ ጥቁር ጠጠር አብሮ ወጣ። የአውራ ጣቷ ሥር ተቦርቡሮ፣ ደሙ ደርቆ፣ ዙሪያው ጠቁሯል። ያን ጠጠር ረግጣ ከፕላቶ ዱ ሰርፓን እስከ ቤታችን በእግሯ መጥታለች፤ ምናልባትም ቀኑን ሙሉ ቆማበት ውላለች።

«እማዬ፣ አላመመሽም?»

«ምኑ?» አለችኝ።

ይህን ቃል ዛሬም እሰማዋለሁ። ፋኖሱን አስጠግቼ እግሯን ዳግመኛ ሳይ፣ ቅድም ያሳቀችኝ በቅሎ ተረት መሆኗ ቀረ። ሙሸበኩን ስጭንባት የነበርኩት እኔ ነበርኩ። አለቀስኩ፤ «በቅሎዋ አንቺ ነሽ» እያልኩ እግሯን አቅፌ አልለቅ አልኩ።

አባባ ደምሴ ቁስሉን ሲያዩ ተቆጡ። «አንቺ ልጅ፣ ነገ በጠዋት ሐኪም ቤት ነው፤ ሌላ ቀን የለም!» አሉ።

«እሄዳለሁ፤ ስለቴን ግን አላፈርስም አባባ። ልጄን ያስገባልኝ እሱ ነው።»

«ማን አፍርሺ አለሽ? ልጅሽን የሰጠሽን ጌታ ልታመሰግኚ ልጅሽን ያለ እናት ልታስቀሪ ነው? የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እሳቸው ከፈቀዱ አንቺ ማነሽ የምትከለክዪ?»

በማግስቱ ከሐኪም ቤት በፊት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የንስሐ አባቷ ብዙ አልተናገሩም። ጠዋት ጥቂት እህል ቀምሰሽ መድኃኒትሽን ዋጪ፣ በእኔ ይሁን አሉ፤ ለታመመ ሰው ጾሙ ይህ ነው፣ ስለትሽም አልፈረሰም። እናቴ እጃቸውን ስትስም ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁ። ሐኪሙ ግን ፊቱን አልፈታም። ቁስሉን አጥቦ አሸገና፣ ስኳሩ እግሯን እንዳደነዘዘው፣ ቁስሉ ቶሎ ካልዳነ ጣቷ እንደሚቆረጥ፣ ከጣቷም ሊያልፍ እንደሚችል ነገረን። እግሯን ያጣች ሠራተኛ ማንም ቤቱ አያኖርም። እኔም ትምህርት ቤቴን፣ ጣራችንን፣ ከሁሉ በላይ እሷን የማጣ መሰለኝ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እትዬ ፋጡማ ዘንድ ሄጄ ሳምቡሳውን እንዲተዉልን ለመንኳቸው። በሐፍረት መሬት መሬት እያየሁ ነበር። ስጨርስ ቀና ብዬ ባያቸው በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። «ዋይ፣ እኔ ነኛ የጎዳኋት!» አሉ። በሚቀጥለው ዓርብ በሩን ሲያንኳኩ የያዙት ሳህን ላይ ዘይት ሳይገባበት የተቀቀለ ባቄላ፣ በሎሚና በተከተፈ ቲማቲም ተለውሶ ነበር።

አባባ ደምሴ ደግሞ በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዘው ወደ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ይሄዱ ጀመር። ጠዋት ገና ሳይሞቅ ለማለዳው ቀለል ያለውን ያደርሳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለታችን አብረን እንሄዳለን። ከጣራው የተቀጠፈ ጎመን፣ ሽምብራ ወይም ማሾ፣ ሳሳ ያለች የማሽላ ቂጣ። ዘይቱን በማንኪያ ጠብ ያደርጋሉ እንጂ አያፈሱም። እናቴ በጓሮው በር ወጥታ፣ ጥላው ላይ ተቀምጣ፣ አማትባ ትበላለች። መጀመሪያ መጀመሪያ «ስኳር የሌለው ሻይ ምን ሻይ ይባላል» እያለች ታጉረመርም ነበር። አባባ ደምሴ ፀሐዩ ላይ ቆመው፣ መጥረጊያ ጨርቃቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የመጨረሻዋን ፍሬ እስክትውጥ አይነቃነቁም።

ቁስሉ በየሳምንቱ እየጠበበ መጣ። ሐኪሙ አጥቧል፣ መድኃኒቱ ሠርቷል፣ ምግቡም የድርሻውን አድርጓል፤ እናቴ ግን ዛሬም የማን ሥራ ነው ስትባል ጣቷን ወደ ላይ ብቻ ትጠቁማለች። ጥፍሯ ወለቀ፣ ጣቷ ተረፈላት። በሆሳዕና ዕለት ዘንባባ ይዛ በሁለት እግሯ ቆማ ሳያት ከኋላዋ ሆኜ አሥሩንም ጣቶቿን ደጋግሜ ቆጠርኳቸው።

አባባ ደምሴ እኔ ትምህርቴን ልጨርስ ስል አረፉ። የበቅሎዋን መጨረሻ ሳይነግሩኝ ነው የሄዱት፤ በጠየቅኳቸው ቁጥር «እሱን እናትሽን ጠይቂያት» ይሉኝ ነበር። ዛሬ የራሴን ቤት ይዤ እዚያው ጂቡቲ፣ ዋራበሌ ሰፈር እኖራለሁ። ቆርቆሮዎቻቸው ጣራዬ ላይ ናቸው፤ ዝገው የወደቁትን በሌላ ተክቻለሁ፣ አፈሩ ግን ያው የእሳቸው አፈር ነው። ከእሳቸው የቀረልኝ ምንድን ነው ብዬ ሳስብ፣ ጾምን ከሳህኔ በጎደለው ነገር ሳይሆን በተቀመጠው ነገር ማየት ይመስለኛል፤ ሽምብራ በጨለፍኩ ቁጥር ደስ ብሎኝ አመሰግናለሁ። እናቴ ከሥራ ወጥታ ከእኔ ጋር ናት። አመሻሽ ላይ ሁልጊዜ ጫማዋን አውልቃ ታራግፋለች፣ ውስጥ እግሯንም ወደ ብርሃኑ አዙራ ታያለች።

ባለፈው ሐሙስ፣ ሽምብራው ተጥዶ ሳለ፣ ለልጄ የባለጸጋውን ተረት ነገርኳት። በቅሎዋ አንገቷን ቀና አድርጋ የጠየቀችው ላይ ደርሼ ቆምኩ።

«እና ሞተች?» አለችኝ።

ድስቱ ወጥቷል ልላት አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ቆርቆሮዎቹ እያየች ነበር።

«አልሞተችም» አለቻት። «አንድ ሽማግሌ ምሳ ዕቃ ይዞ ደረሰላት።»