ተረኛው እስኪመጣ

ይህ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአሸንዳ ሰሞን ነው። መቐለ ላይ አሸንዳ ሲደርስ ልጃገረዱ ሁሉ ይጨፍራል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የከበሮ ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይባባል። ለምን እንደሆነ ለሰው ሁሉ ማስረዳት ስለሰለቸኝ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

አባዬ የቀድሞው ሠራዊት ሃምሳ አለቃ ነበር። የሸዋ ሰው ነው። መቐለ ተመድቦ ሳለ እናቴን አገባ፣ እኔ ተወለድኩ። ሠራዊቱ ሲበተን ወደ አገሩ ሄደ፤ ግን ዓመት እንኳ አልቆየም። ዘመዶቹ "አብደሃል እንዴ? ይገድሉሃል!" እያሉት፣ "ሚስቴና ልጄ እዚያ ናቸው" ብሎ ወዳሸነፉት ሰዎች ከተማ ተመለሰ። ማንም አልነካውም። ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ ብሎኬት ማምረቻ ተቀጥሮ፣ ወገቡ እስኪጎብጥ ሲሚንቶ እየተሸከመ አሳደገኝ።

ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝም የሚመልሰኝም እሱ ነበር። አደይ፣ ማለት እናቴ፣ ታማ የተኛች ጊዜ ፀጉሬን ራሱ ሠርቶኝ ያውቃል፤ ሹሩባ ሳይሆን ምሽግ ነው የቆፈረልኝ። ልጆቹ ሲስቁብኝ ዋሉ። "የደርግ ልጅ" ብለው ሲሰድቡኝም እያለቀስኩ እነግረዋለሁ። "አይዞሽ፣ እኔ በሩ ላይ አለሁ። ሳትወጪ ከዚያ አልንቀሳቀስም" ይለኝ ነበር።

እውነቱን ነው። አንድ ቀን ክፍል ስናጸዳ ዘግይቼ ብወጣ፣ በረዶ እየወረደበት በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እኔ ከድሮም ቁጡ ነኝ፤ "ዛፉ ሥር ብትጠለል ምን አለበት?" ብዬ ጮኽኩበት። "ስትወጪ ብታጪኝስ?" አለኝ ውኃው ከአፍንጫው እየተንጠባጠበ።

ስለ ጦርነቱ ግን አንድም ቀን አውርቶ አያውቅም። ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን በትግሉ ያጡ ናቸው፤ ሳሎናቸው ውስጥ የሰማዕት ፎቶ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። አባዬ ለቅሶ ሲኖር ቀድሞ ይደርሳል፣ ድንኳን ይተክላል፣ መጨረሻ ይወጣል።

ካረጀ በኋላ የመርሳት በሽታ ያዘው። መጀመሪያ ቁልፉን ረሳ፣ ቀጥሎ እኔን። ከሁሉ የከፋው ግን ትግርኛው መጥፋቱ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የተናገረው ቋንቋ ከአእምሮው ወጣና፣ ትግርኛ ሲሰማ የተማረከ ይመስለው ጀመር። አደይ "ንዓ ብላዕ" ስትለው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል። ምስኪን፣ በስተርጅናዋ በተሰባበረ አማርኛ "ና ብላ፣ የኔ ጌታ" ማለት ለመደች። የገዛ ባሏ ሲፈራት ማየቱ ግን አንጀቷን በላው።

የዚያን ዕለት አደይ ኲሓ እህቷ ዘንድ ሄዳለች። አባዬ ከሳምባ ምች ገና ማገገሙ ነው፤ ሐኪሙ "ብርድ እንዳያገኘው። ሁለተኛ ካገረሸበት አይችለውም" ብሎ አስጠንቅቆናል። የሰፈራችን ልጃገረዶች ከበሮ እየመቱ ደጃችን ደረሱ፤ ወጥቼ እልል አልኩላቸው፣ ትንሽ አጨበጨብኩ። ስመለስ አልጋው ባዶ ነው።

ብርድ ልብሱ እንደ ወታደር ቤት ልክክ ተደርጎ ታጥፏል። መጥረጊያው እንጨቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቋል። የጓሮው በር ተከፍቷል።

ደመናው ጠቁሮ ስለነበር ጃንጥላ መንጠቄን አስታውሳለሁ፤ ሌላው ትዝ አይለኝም። ሰፈሩን እየጮኽኩ ዞርኩት። አንድ ባለ ባጃጅ "ዱላ የተሸከመ ሽማግሌ በዉቕሮ መንገድ አይቻለሁ" አለኝ። "ታዲያ ዝም ብለህ አለፍከው?" ብዬ አምባረቅሁበት፤ እሱ ምን አጠፋ! እሱው አሳፍሮ ወሰደኝ።

አባዬ መንገድ ዳር የተደፋ የግንባታ አሸዋ ክምር ላይ ቆሟል። በስስ ሸሚዝ፣ በባዶ እግሩ። የመጥረጊያውን እንጨት ትከሻው ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሯል። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል።

"አባዬ!" ብዬ ስሮጥ ዞረብኝ።

"ቁሚ! ማን ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ ልጅህ! ና እንሂድ፣ ብርዱ ይገድልሃል!"

"ተረኛው መጥቶ ሳይቀይረኝ ከዚህ አልንቀሳቀስም!" አለኝ።

ያው ድሮ የማውቀው ቃል ነው፤ አልንቀሳቀስም።

ሰው ተሰበሰበ። ጎረምሶች "እንሸከመው" ብለው ቀረቡ፤ ትግርኛ ሲያወሩ ሲሰማ ዓይኑ ፈጠጠ፣ እንጨቱን ወደረባቸው። አንዱ ባለጌ በስልኩ ይቀርጻል። "የአንተ አባት ቢሆን ትቀርጸው ነበር?" ብዬ ስጮህበት ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። እኔ መለመን እንጂ ሌላ የማውቀው አልነበረኝም፤ "በማርያም፣ በማርያም" እላለሁ።

ከመንገዱ ማዶ ካለች ጎሚስታ ቤት አንድ ሽማግሌ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። አንድ እግራቸውን ያነክሳሉ። አባዬን ቆም ብለው አዩትና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ጓለይ፣ ወተሃደር ድዩ ነይሩ?" ልጄ፣ ወታደር ነበር ወይ ማለታቸው ነው።

ፈራሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ልበል? "አዎ" አልኩ ቀስ ብዬ፣ "የድሮው ሠራዊት።"

ጃንጥላዬን ከእጄ ወሰዱ፤ ሳይዘረጉት እንደ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ወደ ኋላ ራቅ ብለው፣ እያነከሱ ግን ቀጥ ብለው እየረገጡ ወደ አሸዋው ተመለሱ።

"ቁም! ማን ነህ?" አለ አባዬ።

"ተረኛ!" አሉ በጥሩ አማርኛ።

"የይለፍ ቃል!"

እኔ በቃ አለቀ ብዬ ነበር። ሰውዬው ግን "ተቀይሯል" አሉት። "አንተ ከጥበቃ ስላልወረድክ ነው ያልሰማኸው።"

አባዬ አሰበበት። "ለምን ዘገየህ?"

"ጥፋቴ ነው፣ ይቅርታ።"

የአባዬ ትከሻ ረገብ አለ። "እሺ፣ ስማ። በግራ በኩል ገደል ነው። ከኋላዬ ልጆቹ ተኝተዋል።" በእጁ አሸዋውን አሳየ። "ደክሟቸው ነው። ማንም እንዳይነካብኝ።"

የሰውዬው ፊት ተለዋወጠ። "ማንም አይነካቸውም" አሉ። "ተረክቤያለሁ። አንተ ሂድና ሙቅ ነገር ጠጣ።"

ወታደራዊ ሰላምታ ተሰጣጡ። አባዬ ከአሸዋው ወረደና ማንም ሳይደግፈው ራሱ ባጃጁ ውስጥ ገባ። ዝናቡ ወረደ። ትንሽ እንደሄድን "እስቲ እዪ፣ ቆሟል?" አለኝ። ዞሬ አየሁ። ሰውዬው የታጠፈውን ጃንጥላ ተሸክመው፣ ዝናቡ እየደበደባቸው፣ አሸዋው ላይ ቆመዋል።

"ቆመዋል፣ አባዬ።"

ያን ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አላገረሸበትም። በነጋታው ጠዋት ሲነቃ ግን የመጀመሪያ ጥያቄው "ያንን ልጅ ማን ቀየረው?" የሚል ነበር። ተቀይሯል ብዬ ብነግረው አላመነኝም። "ሄደሽ በዓይንሽ እዪ" አለ። ሄድኩ።

ሰውዬው ጎማ ሲፈቱ አገኘኋቸው። አባዬ የላከኝን ስነግራቸው መፍቻውን አስቀመጡ። "እኔ ያኔ በወዲያኛው በኩል ነበርኩ፣ ጓለይ" አሉኝ። "እንደ አባትሽ ያለ ዘብ ከሩቅ አይ ነበር። እኔም ከኋላዬ ተኝተው የቀሩ ልጆች ነበሩኝ።" ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። "ደኅና ናቸው፣ እንደተኙ ናቸው በዪው።"

እንዳሉት ነገርኩት። ተነፈሰ፤ ቁርሱንም በላ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ እቤት ይመጡ ጀመር። አባዬ ሲያያቸው ተነስቶ ይቆማል፣ የአልጋ ዳሩን ያስረክባቸዋል። አንድ እሑድ ረስተው በትግርኛ "ከመይ ቀኒኻ፣ ሓወይ?" አሉት፤ እንዴት ሰነበትክ፣ ወንድሜ ማለታቸው ነው። ሁላችንም ደነገጥን። አባዬ ግን እጃቸውን ያዘ። ከዚያን ቀን በኋላ አደይንም አልፈራትም፤ "ንዓ ብላዕ" ስትለው ይመጣል። አደይ ያን ለት ጓዳ ገብታ ያለቀሰችውን ልቅሶ እኔ ነኝ የማውቀው።

አባዬ በጥር አረፈ። አፈሩ ተመልሶ ሰዉ መሄድ ሲጀምር ሰውዬው ከመቃብሩ ራስጌ አልተነሱም። "ይምጡ እንጂ አባቴ፣ ፀሐዩ ከረረ" ብላቸው፣ "እናንተ ሂዱ፤ እኔ ትንሽ ልቁም" አሉኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ዞሬ አየሁ። ቆመው ነበር።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እኔን ሲጠብቅ ኖረ፤ በመጨረሻ እሱንም የሚቀይረው ሰው አገኘ። የማላውቃቸው፣ ሊጠሉትም ምክንያት የነበራቸው ሰው ይህን ስላደረጉልኝ ሳስበው እስከ ዛሬ ያስለቅሰኛል፤ ግን የሚያቃጥል እንባ አይደለም። ጃንጥላዬ አሁንም ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። በዚያ ሳልፍ አየዋለሁ። እሳቸውም ውሰጂው አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም።