ከአባታችን መኪና የወጣው ሰዓት

ባለፈው ዓመት ግንቦት ሁለት ቀን፣ የልደታ በዓል በዋለ ማግስት፣ ታናሽ ወንድሜ የሁለታችን ውርስ የሆነውን የአባታችንን መኪና ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወደሚገኝ ጋራዥ ወስዶ፣ ከፋብሪካ ጀምሮ የነበረውን ሰዓት ከዳሽቦርዱ አስነቀለ። በቦታውም የሞተር ሙቀት መለኪያ አስገጠመ። እኔን አልጠየቀኝም።

መለኪያ መግጠሙን አልተቃወምሁም፤ ይህ በግልጽ ይታወቅልኝ። ከመኪናው ጋር የመጣው የሙቀት ቀስት እርጅና ይዞት፣ የሚንቀሳቀሰው ሞተሩ ከፈላ በኋላ ነበር። አንድ ቀን ሰንጋ ተራ ላይ ኮፈኑን ከፍቼ፣ እንፋሎቱ እስኪበርድ በታክሲዎች ጡሩንባ መካከል ቆሜአለሁ። ስለዚህ ወንድሜ አዲስ ጌጅ እናስገጥም ሲለኝ ተስማማሁ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስቀመጥሁ፤ መለኪያው ከዳሽቦርዱ ሥር በማቀፊያ ይሰቀል፤ በቦታው ካለው ነገር ምንም እንዳይቆረጥ፣ ምንም እንዳይነሣ። «እሺ፣ አንቺ እንዳልሽ» አለኝ።

አባታችን እስከ ጡረታው ድረስ ልደታ ፍርድ ቤት በሬጅስትራርነት ሠርቷል። የመኪናው ሰዓት ይቀድም ስለነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በጣቱ ጫፍ ወደ ኋላ ይመልሰው ነበር። ሕመሙ እጁን ካንቀጠቀጠው በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ያስተካከለው ሆስፒታል በር ላይ ነው፤ መሪውን ይዤ የነበርሁት እኔ ነኝ። የሰዓቱን ትንሽ ማስተካከያ ጨብጦ ለማዞር ብዙ ታገለ። አልረዳሁትም፤ እንድረዳው አልፈለገም ነበርና። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ሰዓቱ በየሳምንቱ ይበልጥ እየቀደመ ሄደ፤ አብሮኝ የሚሳፈር ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። አላረምሁትም።

መኪናው ከጋራዥ ሲመለስ በሰዓቱ ቦታ ሰማያዊ ብርሃን ያለው ጥቁር መለኪያ አገኘሁ። የቀዳዳው ዙሪያ በሞረድ ተፍቋል።

«ሰዓቱስ?» አልሁት ወንድሜን።

«የቱ ሰዓት?»

«አንድ ብቻ ነበር።»

«እሱንም ሰዓት ትይዋለሽ? ገና ቁርስ ሳንበላ እኩለ ቀን የሚል። ጋራዥ ቀርቶ ይሆናል። ደግሞ ሞተር ሲፈላ ጌጁ ነው የሚያድንሽ።»

«ምን ብዬህ ነበር?»

«እንግዲህ ክሰሺኛ። ፍርድ ቤቱ እንደሆነ ከቤትሽ በእግርሽ ትደርሺያለሽ።»

ጋራዡ ሄድሁ። መካኒኩ እጁን በጋዝ እየታጠበ ነበር።

«እህቴ፣ እኔ ከታች ልሰቅለው ነበር» አለኝ። «ወንድምሽ ነው፣ ‹ጉልበቴን ይመታኛል፣ ሰዓቱ ቦታ ክተተው› ያለኝ። ጠበበ፤ አሰፋሁት። ሰዓቱን በጨርቅ ጠቅልዬ በእጁ ሰጥቼዋለሁ።»

«በእጁ?»

«በእጁ። ስፈታው እንኳ ‹ቀስ በል፣ የአባቴ ነው› እያለ ቆሞብኝ ነበር እኮ።»

ይህን ቃል ለወንድሜ ስነግረው መካኒኩን ውሸታም አለው፤ ከዚያ በኋላ ስልኬን ማንሣት ተወ። ነገሩ አጎታችን ጆሮ ደረሰ። አጎታችን አንድ የሰፈር ሽማግሌ ጨምሮ ሁለታችንንም ቤቱ አስጠራን።

«ልጄ፣ ለአንዲት ሰዓት ብለሽ ወንድምሽን ታጪ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ሰዓቱን ምን እንዳደረገው ይጠይቁልኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

«ሽማግሌ የሚቀመጠው ሊያስታርቅ ነው። መርማሪ ከፈለግሽማ ልደታ ሞልቶልሻል።»

የሰፈሩ ሽማግሌ ሳቀ። ወንድሜም አንገቱን ደፍቶ፣ «ሕግ የምታስተምር እህት ያለችው ሰው ቤቱም ችሎት ነው» አለ፤ ዳግመኛ ተሳቀ። ቀጥሎ ተነሥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለና «ይቅርታ» አለኝ። ስለ ምን እንደሆነ አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም። ይቅር በይ ተባልሁ፤ ዝም አልሁ። ዝምታዬ እንደ እሺታ ተቆጥሮ ተመረቅን። በዘመድ ዘንድ እነሆ ታርቀናል። በእኛ ወግ እርቅ እውነትን አይጠብቅም፤ እንዲያውም እውነቱ ሳይነሣ በፈጠነ መጠን ያማረ ይባላል።

መኪናውን አሁንም እነዳለሁ። መለኪያው በትክክል ይሠራል፤ ያን ዕለት ሰንጋ ተራ ላይ ቢኖር ኖሮ ሞተሩ አይፈላም ነበር። ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማየት ዓይኔን ስጥል ግን የማነበው የውሃ ሙቀት ነው።

ወንድሜ፣ መካኒኩ እውነቱን ከተናገረ፣ ሰዓቱ የማን እንደሆነ አንተም ታውቅ ነበር። ሲፈታ እንዳይጎዳ ቆመህ ጠብቀኸዋል። ያን ያህል የሳሳህለትን ነገር ጥለኸዋል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ፤ ለብቻህ ደብቀኸዋል ብዬ ማመን ግን ይቀለኛል፤ ይህም ይበልጥ ያስቆጣኛል። ሰዓቱ ሽቦው ሲነቀል እንደቆመ አውቃለሁ። ቀዳዳው ስለሰፋ ወደ ቦታው እንደማይመለስም አውቃለሁ። እንድትመልሰው አልጠየቅሁህም፤ ይቅርታህንም አልጠየቅሁህም። የምጠይቅህ ይህን ነው፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእጅህ የገባው የአባታችን ሰዓት ዛሬ አንተ ቤት አለ ወይስ የለም? በአንድ ቃል መልስልኝ።