ኤሌክትሪሺያኑ ግዛው

ባሌ ግዛው አዲስ አበባ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። የስንቱ ሆቴል፣ የስንቱ ባለሀብት ቪላ ሽቦ በእሱ እጅ ነው የገባው። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኦሮራ ከመጣን በኋላ ግን እንጀራው ከሆቴል ኤርፖርት ቫን መንዳት ሆነ። የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ለማውጣት መጀመሪያ ሰው ሥር ሆነህ ዓመታት መሥራት አለብህ ሲሉት፣ «በሃምሳ ዓመቴ ተለማማጅ?» ብሎ ተወው። ቢሆንም ሐበሻው ሁሉ «ኤሌክትሪሺያኑ ግዛው» ነበር የሚለው። ከአገሩ ይዞት የመጣው ሀብት ያ ስም ብቻ ነው። ቤተክርስቲያን በዚያ ስም ሲጠሩት አንገቱ ቀና ሲል ስንቴ አይቼዋለሁ።

በፈረንጆቹ 2006 መጀመሪያ ላይ የቤተክርስቲያናችን ልጅ እታለም ሞንትቤሎ ሰፈር ቤት ገዛችና ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን ማለት ነው፣ ፀጉር ቤት ላድርገው አለች። ለማን ትደውል? ለግዛው!

«ጋሽ ግዛው፣ እርስዎ እያሉልኝ ለፈረንጅ ገንዘብ ልበትን?»

የከተማው ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ኢንስፔክተር መጥቶ ማየት አለበት ሲላት፣ «ኧረ ባክዎ! ከእርስዎ በላይ ሊያውቁ ነው?» ብላ አሳቀችው። እኔ ደሜ ፈላ። «ተው ግዛው፣ ይቅርብህ» አልኩት። ሙያው ተነሥቶበት ማን ይስማኝ!

ሁለት ካስክ፣ ያ ፀጉር ማድረቂያው፣ አንድ መስመር ላይ ሊያስገባ ነው። ሱቅ ሄዶ ሽቦ ሲመርጥ ዓይኑ የለመደውን ውፍረት አነሳ፤ አሥራ አራት ቁጥር የሚሉትን። አዲስ አበባ ላይ እንዲያ ያለ ሽቦ ሁለት ካስክ ያለ ችግር ተሸክሞ ይኖራል። ሥራው አለቀ፣ ምሳውን ይዤለት ስደርስ ሁለቱም ካስክ ተከፈቱ። ትንሽ ቆይቶ፣ ከረንት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጠው ብሬከር ጧ ብሎ ወረደ። ቢያነሳው፣ ደግሞ ወረደ። ያኔ ግዛው ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«እታለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። «የዚህ አገር ቮልቴጅ የኛ ግማሽ ነው። ያው ካስክ እዚህ እጥፍ ከረንት ይስባል፤ ሽቦው መወፈር ነበረበት። አውቀዋለሁ እኮ፤ እጄ ነው ያላወቀው። ለጊዜው በአንድ ካስክ ሥሪ፣ እሁድ መጥቼ በወፍራም እቀይርልሻለሁ። ብሬከሩን ግን እንዳትነኪው! እሱ ነው የሚጠብቅሽ።»

ግን ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፣ የሠርግ ሰሞን ነው፤ ሙሽራና ሚዜ ተሰልፏል። እታለም ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አርብ ዕለት የእህቷን ባል ጠርታ ብሬከሩን በትልቅ አስቀየረች፣ ሦስተኛ ካስክም ጨመረች። እውነትም መውረዱን ተወ፤ «እሰይ!» ተባለ አሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን የምትለቅመውም አልተረፋት። ቅዳሜ ሚዜዎቹ ካስክ ሥር እንደተቀመጡ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ጋለና እንጨቱ ተያያዘ። ሰው እንኳን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በደህና ወጣ። ቤዝመንቱ ከነደረጃው ነደደ። ኢንሹራንሱም ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው ብሎ አልከፍልም አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ሰውን ያወቅኩት። ስለ ብሬከሩ ማንም ትንፍሽ አላለም! ወሬው ሁሉ «ግዛው አቃጠላት» ሆነ። ያው የእህቷ ባል ቤተክርስቲያን ደጅ ቆሞ «ድሮም ሙያ የለውም» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ለሰው ሞት አነሰው! በነፃ መብራት ያስገባላቸው ሰዎች እንኳን እንዳላየ ያልፉት ጀመር። ልጮህባቸው ስል ግዛው ክንዴን ያዘኝ።

«ተዪው መዓዛ። ቀጭኑን ሽቦ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«እቀይረዋለሁ አላልክም? አትንኪው አላልክም?»

«ብያለሁ። ሽቦው ግን የኔ ነው።»

በንዴት አለቀስኩ። በእነሱ ብቻ አይደለም፣ በእሱም ተናደድኩ፤ ዛሬም አልበረደልኝም። ፒንሳውንና ቴስተሩን ካርቶን ውስጥ አሽጎ ጋራዥ ጥግ አስቀመጠው። የበራችን አምፖል ሲቃጠል እንኳን የምቀይረው እኔ ሆንኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አምፖል ልንገዛ ሱቅ ገባን። ሽቦ የሚሸጥበት ጋ አንዲት የማናውቃት ሐበሻ ሴት ሁለት ጥቅል ይዛ ግራ ገብቷት ቆማለች። አማርኛችንን ሰምታ ዞረች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ጋራዥ ውስጥ ትልቅ ሂተር ላስገባ ነው። ከአሥርና ከአሥራ አራት፣ ቁጥሩ ትልቅ የሆነው አይሻልም?»

ግዛው ሳያስበው እጁን ዘርግቶ አሥራ አራቱን ተቀበላት።

«እዚህ አገር የተገላቢጦሽ ነው እህቴ። ቁጥሩ ሲበዛ ሽቦው ይቀጥናል። መወፈሩም ብቻውን አይበቃም፤ ብሬከሩ ከሽቦው እንዳይበልጥ። አንዴ ከወረደ ደግሞ ለምን እንደወረደ ሳታውቂ በትልቅ እንዳትቀይሪው። ፈቃድ ያለው ሰው ይሥራልሽ።»

ሴትየዋ ፊቷ በራ። «እግዜር ይስጥልኝ! ኤሌክትሪሺያን ነዎት እንዴ?»

አዎ በል፣ አልኩ በሆዴ። በናትህ ግዛው፣ አንዴ ብቻ አዎ በል።

ጥቅሉን መደርደሪያው ላይ መለሰው።

«አይደለሁም» አላት። «የኤርፖርት ቫን ነው የምነዳው።»

አምፖሉን እኔን አስያዘኝና ወጣን።